ዘፈን የሚመረጠው ለማን ነው? በሰሌዳችን ላይ ለተለጠፈው ዝርዝር የተሰጠ መልስ



እንደሚታወቀው ማኅበራችን ለመጪው አዲስ ዓመት በአዳራሹ ውስጥ አነስተኛ የሙዚቃ ዝግጅት ለማቅረብ በጠቅላላ ስብሰባ ወስኗል። የዝግጅቱም ዓላማ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ለኀዘንም ለሰርግም የምንተክለው ድንኳን ስላረጀና ክረምት በመጣ ቁጥር ስለሚያፈስ ለአዲስ ድንኳን መግዣ የሚሆን ገንዘብ ለማሰባሰብ ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ ዓመቱን ሙሉ የምንገናኘው በለቅሶ ቤት ስለሆነ አንድ ቀን እንኳ ኀዘን ሳይሰበስበን ቁጭ ብለን እንድንጫወት ነው።

ይህ በዚህ እንዳለ ባለፈው ሳምንት በዚሁ ሰሌዳ ላይ «ለዝግጅቱ የተመረጡ ዘፈኖች» የሚል አንድ ወረቀት ተለጥፎ አይተናል። ማን እንደመረጣቸው አይናገርም፤ ፊርማም የለውም። የዘፈኖቹ ቁጥር 24 ነው። ከሥሩም ሦስት ማሳሰቢያዎች ተጽፈውበታል። አንደኛ፣ «ሕዝቡ እንዳይሰለች ዘፈኖቹ ሁሉ ሞቅ ያሉ ይሁኑ» ይላል። ሁለተኛ፣ «የልጆቹ መሣሪያ ስለማያምር ሙዚቃው ከፍላሽ ይለቀቅና ዘፋኟ በላዩ ላይ ትዝፈን» ይላል። ሦስተኛ፣ «ማሲንቆ የጠጅ ቤት ስለሆነ ዝግጅቱን ያወርደዋል፣ ይቅር» ይላል።

ወረቀቱን አልቀደድነውም። የሰፈሩ ሰው ሐሳቡን የሚገልጽበት ሰሌዳ ነውና ከጎኑ ይህን መልስ ለጥፈናል። ሁለቱንም አንብባችሁ ፍረዱ።

እኛ የምንለው አንድ ነገር ነው። ዘፈን የሚመረጠው በዝናው አይደለም። የሚመረጠው በአዳራሹ ለሚቀመጠው ሰው፣ በሚዘፍነው ልጅ ድምፅና በእጃችን ባለው መሣሪያ ልክ ነው። ልብስ ሰፊ እንኳ መቀሱን ከማንሣቱ በፊት የሚለብሰውን ሰው ይለካል። ዝርዝሩን ያወጡት ወገኖች ማንን ለክተው ነው? ያወጡት ቤታቸው በስልክ የሚያዳምጡትን ነው። የሚያዳምጡትን መውደዳቸው መብታቸው ነው፤ ግን የእነሱ ጆሮ የሰፈሩ ጆሮ ሁሉ ነው ማለት አይደለም። እስቲ ነጥብ በነጥብ እንየው።

ስለ ዘፈኖቹ ብዛት

ዝግጅቱ ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ጀምሮ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ያበቃል። እናቶችና አባቶች ሳይመሽባቸው ቤታቸው እንዲገቡ ተብሎ የተወሰነ ነው። ይኸ 120 ደቂቃ ነው። አንድ ዘፈን በአካል ሲዘፈን የመሣሪያው መግቢያና የሕዝቡ ጭብጨባ ተጨምሮበት 6 ደቂቃ ይወስዳል። 24 ዘፈን በ6 ደቂቃ ሲባዛ 144 ደቂቃ ይመጣል። ገና ዘፋኟ ውኃ ሳትጠጣ፣ ገና ሊቀመንበሩ ስለ ድንኳኑ ሳይናገሩ ሰዓቱ አልፏል ማለት ነው። ታዲያ ይኸ ምርጫ ነው? ያገኙትን ሁሉ በቁና መስፈር ነው እንጂ!

እኛ የምናቀርበው 12 ዘፈን ነው። 12 ዘፈን በ6 ደቂቃ 72 ደቂቃ ይሆናል። ለእያንዳንዱ ዘፈን ለመቃኛና ለትንፋሽ 2 ደቂቃ ስንሰጥ 24 ደቂቃ ነው። የሚቀረው 24 ደቂቃ ለቡናና ለድንኳኑ ሪፖርት ይበቃል። ዕረፍቱንም 9 ሰዓት ተኩል ገደማ እናድርገው። የዐሥር ሶላት የሚደርሰው በዚያው አካባቢ ስለሆነ መስጊድ የሚሄዱ ጎረቤቶቻችን ደርሰው ይመለሳሉ፣ እኛም በአዛን ላይ ከበሮ አንመታም። ከዕረፍት በፊት 7 ዘፈን፣ ከዕረፍት በኋላ 5 ዘፈን ማለት ነው። ሁለት ተጠባባቂ ዘፈንም እንያዝ። የአዳራሹ ጣሪያ ቆርቆሮ መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ዝናብ ከጣለ ቀጭን የክራር ድምፅ አይሰማም። ያን ጊዜ ለስለስ ያለውን ወደ ኋላ አድርገን ከበሮና ጭብጨባ ያለበትን እናስቀድማለን።

ሌላም ዝርዝሩን ያወጡት ወገኖች ያላሰቡት ነገር አለ። ይኸውም የቅኝት ጉዳይ ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ የሚባሉት አራቱ ቅኝቶች እያንዳንዳቸው አምስት አምስት ድምፅ አላቸው፤ አምስቱ ድምፆች ግን ከቅኝት ቅኝት ይለያያሉ። ክራር ከአንዱ ቅኝት ወደ ሌላው ሲዛወር አንዳንዱን ክር ማጥበቅ፣ አንዳንዱን ማላላት የግድ ነው። ዋሽንት ደግሞ ቀዳዳው አንዴ ስለተበሳ አይጠብቅም፣ አይላላም፤ ዋሽንት ነፊ ብዙ ዋሽንት ይዞ የሚሄደው ለዚህ ነው። የተለጠፈውን ዝርዝር ልጆቹ በመሣሪያቸው ሲሞክሩት ከዘፈን ዘፈን ቅኝቱ ይቀያየራል። ክራር መቺው ልጅ ከሚጫወትበት የሚቃኝበት ጊዜ ሊበልጥ ነው። ሕዝቡም ቁጭ ብሎ ክር ሲጠመዘዝ ያያል!

ስለዚህ በአንድ ቅኝት ያሉትን ዘፈኖች አንድ ላይ እንሰብስብ። የመጀመሪያዎቹ አራት በአንድ ቅኝት፣ ቀጥሎ ያሉት ሦስቱ በሌላ ቅኝት ይሁኑ። ሦስተኛው መቃኛ ሰው ቡና ሲጠጣ ይከናወናል። «አራት ዘፈን በአንድ ቅኝት ከሆነ አንድ ዓይነት ይሆንብናል» የሚል ካለ መልሳችን ይኸው። የትዝታ ቅኝት ማለት ትዝታ የተባለው ዘፈን ብቻ አይደለም። በዚያው ቅኝት የሚያስተክዝም፣ የሚያስጨፍርም፣ የሰርግም ዘፈን አለ። ልዩነቱን የሚያመጣው ምቱና ቃሉ ነው።

ስለ «ሞቅ ያለ» ዘፈን

«ሕዝቡ እንዳይሰለች» ተብሏል። የትኛው ሕዝብ? በአዳራሹ የፊት ወንበር የሚቀመጡት ድንኳኑን ከመጀመሪያ ጀምሮ በመዋጮ ያቆሙ እናቶችና አባቶች ናቸው። ጉልበት የሚያማቸው፣ ጆሯቸው የደከመ አሉ። ሁለት ሰዓት ሙሉ እስክስታ ብቻ ሲደለቅ ምን ያድርጉ? ባለፈው ዓመት በሰፈሩ በአንድ የግል ድግስ ላይ ድምፅ ማጉያው ተከፍቶ ሽማግሌዎች ገና ምግብ ሳይቀርብ ጆሯቸውን ይዘው ሲወጡ ስንቶቻችን አይተናል። ያ ደግሞ «ሞቅ ያለ» ነበር።

ጭፈራ አይኑር አላልንም። ያለ ጭፈራ አዲስ ዓመት ምን አዲስ ዓመት ነው? ግን ጭፈራ የሚያምረው ከተቀመጡ በኋላ ሲነሡ ነው። መጀመሪያ ሁሉም የሚያውቀው መካከለኛ ዘፈን ይሁን፤ ሰው ወንበሩን ያመቻቻል፣ ልጆቹም ፍርሃታቸው ይለቃቸዋል። ቀጥሎ ለስለስ ያለ፣ ቃሉ የሚሰማ ይምጣ። ጭፈራው ወደ መጨረሻው ይሁን። የመጨረሻው ዘፈን ደግሞ ሕፃንም አዛውንትም የሚቀበለው ይሁን።

ለስለስ ያለ ስንል ግን ኀዘን በኀዘን ላይ እንከምር ማለታችን አይደለም። በዚህ ዓመት ብቻ ድንኳን የተተከለላቸውን ቤቶች ከእድሩ መዝገብ እናውቃለን። እነዚያ ቤተሰቦችም ይመጣሉ፤ እንዲመጡም እንፈልጋለን። ስለዚህ የናፍቆት ዘፈን ከሁለት አይብለጥ፣ ሁለቱም ተከታትለው አይምጡ። ዘፋኟም ከሁለቱ በፊት «ይኸ ለተለዩን ነው» ብላ ትናገር። በልቡ ያለው ያስታውሳል፣ መውጣት የፈለገም በክብር ይወጣል።

ስለ ፍላሹ

«የልጆቹ መሣሪያ አያምርም» የሚለው አባባል አሳዝኖናል። እነዚህ ልጆች አንድ ክራር፣ አንድ ከበሮ፣ አንድ ዋሽንትና በተውሶ የመጣ አንድ ኪቦርድ ይዘው ክረምቱን ሙሉ ሲለማመዱ የከረሙ ናቸው። አሁን ልምምዳቸውን ትታችሁ መድረክ ላይ እንደ ዕቃ ቁሙ ልንላቸው ነው? ከፍላሽ የሚለቀቅ ሙዚቃ መስማት የሚፈልግ በስልኩ ቤቱ ቁጭ ብሎ ያዳምጣል። ለዚያ መግቢያ አይከፍልም። ሰው የሚከፍለው የጎረቤቱ ልጅ በዓይኑ እያየ ሲጫወት ለመስማት ነው።

በተጨማሪም መብራት አለ። መብራት በሄደ ጊዜ ፍላሹም፣ ድምፅ ማጉያውም፣ ዝግጅቱም አብረው ይጠፋሉ። ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንትና ከበሮ መብራት አይጠይቁም። ጧፍ አብርተን እንቀጥላለን። ስለዚህ ከ12ቱ ቢያንስ 6ቱ ያለ ኤሌክትሪክ የሚቻሉ እንዲሆኑ እናሳስባለን።

እዚህ ላይ አንድ እውነት እንናገር። በዝርዝሩ ውስጥ ካሉት የቆዩ ዘፈኖች አንዳንዶቹ በትልልቅ ኦርኬስትራዎች የተሠሩ ናቸው። በንጉሡ ዘመን የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስና የጦር ሠራዊት ኦርኬስትራዎች ትራምፔትና ሳክስፎን ደርድረው ይጫወቱ ነበር። ጥላሁን ገሠሠም በሀገር ፍቅር ቆይቶ በክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ የዘፈነ ነው። በዚያ ሁሉ ትንፋሽ የተሠራን ዘፈን በአንድ ክራር እንደዚያው እናሰማለን ብንል ይጎድላል፤ ጉድለቱም የልጆቹ ይመስላል። መፍትሔው ግን ፍላሽ አይደለም። መፍትሔው በድምፅና በአንድ መሣሪያ ብቻ መቆም የሚችለውን መምረጥ ነው። አስናቀች ወርቁ፣ ካሳ ተሰማና ሜሪ አርምዴ ክራራቸውን ታቅፈው ብቻቸውን ዘፍነው ሕዝብ አዳምጧቸዋል። አስናቀች በ2004 ዓ.ም. ዐርፋለች፤ በክራር የተጫወተችው ግን ዛሬም ይሰማል። የእኛም ልጆች ከዚያ ይማሩ።

ስለ ዘፋኟ ድምፅ

ዘፋኟ የሰፈራችን ልጅ ናት። ድምፅዋ ወፍራምና ደርባባ ነው። ዝርዝሩን ያወጡት ወገኖች የመረጡላት ግን ባብዛኛው በቀጭን ድምፅ የተቀዱ ዘፈኖችን ነው። በፍላሹ ላይ ያለው ሙዚቃ በሌላ ዘፋኝ ልክ የተሠራ ስለሆነ ልጅቷ እዚያ ለመድረስ አንገቷን መወጠር አለባት። በልምምድ ላይ ሁለት ጊዜ ድምፅዋ ሲሰበር ሰምተናል። ያን ጊዜ ከኋላ የሳቁም ነበሩ። የሰው ወርቅ አያደምቅ የተባለው እኮ ለዚህ ነው።

አንድ ዘፈን የተቀዳበት ከፍታ የዘፋኙ የራሱ ልክ እንጂ ሕግ አይደለም። ኪቦርዱ በአንድ ቁልፍ ዝቅ ይላል። ክራሩም ክሩ ላላ ብሎ ይቃኛል። ማሲንቆ አንድ ክር ስለሆነ በጣት ይከተላታል። ዋሽንቱ ብቻ ሌላ ዋሽንት ይፈልጋል፤ እሱም ይገኛል። ስለዚህ አሠራሩ እንዲህ ይሁን። ልጅቷ መጀመሪያ ያለ ምንም መሣሪያ፣ ያለ ማይክራፎን በአዳራሹ ትዝፈን። ከኋላ ወንበር የተቀመጠ ሰው ቃሉን ከሰማና እሷም ሳትጨነቅ ከጨረሰች ዘፈኑ ይያዝ፤ መሣሪያው እሷ በጀመረችበት ይቃኝ። ካልሆነ ዝቅ ይደረግ። ዝቅም ተደርጎ ካልሆነ ዘፈኑ ይውጣ፤ የቱንም ያህል ዝነኛ ቢሆን ይውጣ! ከዘፈን ዘፈን ይመረጣል፤ ይህች ልጅ ግን በሰፈሩ ፊት አንዴ ካፈረች ሁለተኛ መድረክ አትወጣም።

ስለ ማሲንቆው

ከሁሉም በላይ ዝም ብለን ልናልፈው ያልቻልነው ይህን ነው። «ማሲንቆ የጠጅ ቤት ነው» ተባለ። ማሲንቆ የሚመቱት በሰፈራችን ጫማ እየጠገኑ የሚኖሩት አባታችን ናቸው። ልጆቹን ቅኝት ያስተማሯቸው፣ ክር ሲበጠስ የሚቀጥሉላቸው፣ አንድም ቀን ዋጋ ያልጠየቁ ሰው ናቸው። ወረቀቱን እሳቸውም አንብበውታል። በማግስቱ ለልምምድ አልመጡም። ልጆቹ ሄደው ሲጠይቋቸው «ሥራ በዝቶብኝ ነው» አሉ። ሥራ አልበዛባቸውም። እኛ እናውቃለን፤ እናንተም ታውቃላችሁ።

አዝማሪን መናቅ የቆየ በሽታ ነው። በሰርጋችን እንጠራዋለን፣ ሲያወድሰን ገንዘብ ግንባሩ ላይ እንለጥፋለን፣ ልጃችንን ሲያጭ ግን ዘር እንቆጥራለን። ይኸ ነውር ዛሬም አለቀቀንም። ለመሆኑ ፋሺስት ጣልያን አዝማሪን እንዴት እንዳየው ታውቃላችሁ? በ1929 ዓ.ም. ከየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋ በኋላ ግራዚያኒ አዝማሪዎችና ጠንቋዮች እየታደኑ እንዲጠፉ አዟል። መድፍና አውሮፕላን ያለው ሠራዊት አንድ ክርና የፈረስ ጭራ የያዘ ሰው ፈራ። ለምን? አዝማሪ ሕዝቡ በልቡ ያለውን በአደባባይ ስለሚናገር ነው። ጠላት የፈራውን እኛ ብንንቀው ምን ይባላል?

እንዲያውም ከማሲንቆ ውጭ ማንም ሊሰጠን የማይችለው አንድ ነገር አለ። እሱም «ተቀበል» ነው። አድማጩ ግጥም ይሰጣል፣ አዝማሪው ይቀበላል፣ በዜማ አድርጎ ይመልሳል። ሰሙ ሲያስቅ ወርቁ ይወጋል። ፍላሽ ግጥም ይቀበላል? አይቀበልም። እዚያ ወንበር ላይ የሚቀመጡት እማማዎች ስንት ግጥም በሆዳቸው ይዘው ተቀምጠዋል! ከ12ቱ ዘፈን ሁለቱ ለዚህ ይተዉ ብለን እናቀርባለን። ስማቸው በዝርዝሩ ላይ አይጻፍም፤ እዚያው ይወለዳሉ። ደንቡ አንድ ብቻ ነው፦ የጎረቤት ስም ጠርቶ መስደብ አይፈቀድም። መንገዱን፣ ውኃውን፣ የኑሮ ውድነቱን፣ ይህን ኮሚቴም ጭምር መውጋት ይቻላል።

ስለ ፉከራውና ቀረርቶው

በዝርዝሩ ቁጥር 19 እና ቁጥር 23 ላይ የጦርነት ፉከራ ያለባቸው ዘፈኖች ገብተዋል። «ወኔ ይቀሰቅሳሉ» የሚሉ ይኖራሉ። እኛ ፉከራና ቀረርቶን አንጠላም፤ የአባቶቻችን ነው። ጣልያን ሊወረን በተዘጋጀበት ጊዜ በ1927 ዓ.ም. የተቋቋመው የሀገር ፍቅር ማኅበር ሕዝቡን ያነሣሣው በንግግርና በዘፈን ነበር። በዓድዋ በዓል በየካቲት 23 ቢፎከር ደስ ይለናል፤ እኛም እንፎክራለን።

ነገር ግን ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜን በነበረው ጦርነት ልጁ ያልተመለሰለት ሰው በሰፈራችን አለ። ከዚያም ወዲህ በሌላ አካባቢ ግጭት ወንድሙን ያጣ አለ። ሁሉም በአንድ ወገን አልነበሩም። ሁሉም ግን የእድራችን አባል ናቸው፤ ያው የሚያፈሰው ድንኳን ለሁሉም ተተክሏል። በአንድ ወንበር ጎን ለጎን በሚቀመጡበት አዳራሽ ውስጥ ስለ መግደል እየተፎከረ አንዷ እናት እንድታጨበጭብ፣ ሌላዋ አንገቷን እንድትደፋ እናደርጋለን? ይህን አናደርግም። ሁለቱ ዘፈኖች መውጣት አለባቸው። በዚህ ነጥብ ላይ ድርድር ያለ አይመስለንም።

ስለ ቋንቋ

24ቱም ዘፈኖች በአማርኛ ናቸው። የማኅበሩን የመዋጮ መዝገብ ያየ ሰው ግን በሰፈራችን ኦሮምኛ፣ ጉራጊኛ፣ ትግርኛና ሌላም ቋንቋ በየቤቱ እንደሚነገር ያውቃል። መዋጮ ሲሆን የሁሉም፣ ዘፈን ሲሆን የአንዱ ሊሆን አይገባም። ታላላቆቹ እንደዚህ አላደረጉም። ጥላሁን ገሠሠ ከአማርኛ ሌላ በኦሮምኛ ዘፍኗል። ማሕሙድ አሕመድ በጉራጊኛ ዘፍኖ አገር አስጨፍሯል። በ2015 ዓ.ም. ያረፈው አሊ ቢራ ከኦሮምኛ ሌላ በሐረሪኛም፣ በሶማሊኛም፣ በአማርኛም ዘፍኗል። ኪሮስ ዓለማየሁን ትግርኛ የማይሰማ ሁሉ ይወደዋል።

ስለዚህ ከ12ቱ ቢያንስ 4ቱ በሌሎች ቋንቋዎች ይሁኑ። ግን ለይስሙላ አይሁን። የማናውቀውን ቃል እየሰባበርን ብንዘፍን ባለቤቱን ማክበር ሳይሆን ማላገጥ ይሆናል። ቋንቋውን የሚናገር የሰፈሩ ሰው አስቀድሞ ልጆቹን ይስማ፣ ቃሉን ያርም፣ ትርጉሙንም ይንገራቸው። ዘፈኑ የሰርግ ይሁን የለቅሶ ሳያውቅ የዘፈነ ሰው እንዳይኖር!

ስለ ባለቤቶቹ

አንድ የተረሳ ጉዳይ አለ። በዝርዝሩ ላይ የዘፋኞች ስም እንጂ የግጥምና የዜማ ደራሲዎች ስም አንድም አልተጻፈም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲው ሥራ በሕዝብ ፊት ሲቀርብ መብቱ የደራሲው መሆኑን ይደነግጋል። መብቱም ደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ድረስ ይቆያል። እኛ መግቢያ የምናስከፍል ስለሆነ «ትንሽ ዝግጅት ናት» ብለን ልናልፈው አይገባም። ደራሲው የሚታወቅ ዘፈን ከሆነ ፈቃድ ይጠየቅ፤ በመድረክም ስሙ ይነገር። ፈቃድ ያልተገኘለት ዘፈን ቢቀር፣ ከአያት ከቅድመ አያት የወረስነው የሕዝብ ዜማ ብዙ ስለሆነ አንቸገርም።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

ከላይ የዘረዘርነውን መሠረት በማድረግ ለጠቅላላ ስብሰባው የምናቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው።

1ኛ. የዘፈኖቹ ቁጥር 12 ይሁን፤ 2 ተጠባባቂ ይጨመር።

2ኛ. ሙዚቃው በአካል ይቀርባል። ፍላሽ ሰው ሲገባና ሲወጣ ካልሆነ አይከፈትም።

3ኛ. ከመራጭ ኮሚቴው 5 አባላት 2ቱ ተጫዋቾች፣ 1ዷ ዘፋኟ፣ 1ዷ ከእናቶች፣ 1ዱ ከወጣቶች ይሁኑ። የሚዘፍነው ሰው ያልተስማማበት ዘፈን አይመረጥም።

4ኛ. ዘፈኖቹ በቅኝት ተሰብስበው ይደርደሩ፤ የመጨረሻው ሕዝቡ የሚቀበለው ይሁን።

5ኛ. የጦርነት ፉከራ ያለባቸው ይውጡ፤ ቢያንስ 4 ዘፈን ከአማርኛ ውጭ በሆኑ የሰፈሩ ቋንቋዎች ይሁን።

6ኛ. ማሲንቆ የሚመቱት አባታችን በክብር ተጠርተው ይመለሱ። መልእክተኛ ተልኮ ሳይሆን፣ የማኅበሩ ሊቀመንበርና ሁለት ሽማግሌዎች ራሳቸው ሄደው ይጥሯቸው። የመጀመሪያውን ዘፈን ቅኝት የሚሰጡትም እሳቸው ይሁኑ።

ምርጫው ከዝግጅቱ ሦስት ሳምንት አስቀድሞ ያልቅ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ በዋዜማው የተመረጠ ዘፈን መድረክ ላይ ይፈታል።

ዝርዝሩን ለለጠፋችሁ ወገኖች አንድ ቃል አለን። ለዝግጅቱ ማሰባችሁ ጥሩ ነው፤ ግድ የሌለው ሰው ወረቀት አይለጥፍም። ከ24ቱ ውስጥም በእኛ ግምት አራት አምስቱ ለ12ቱ የሚበቁ ናቸው። ነገር ግን በሌሊት ለጥፎ መሄድ ምርጫ አይደለም። የፊታችን እሑድ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በአዳራሹ ስብሰባ አለ። ስማችሁን አንጠይቃችሁም፤ የምትወዱትን ዘፈን ይዛችሁ ኑ። ልጅቷ በራሷ ድምፅ ትዘፍነዋለች፣ እማማዎቹ ከፊት ወንበር ሆነው ይሰሙታል። ከወደዱት ይገባል፤ እነሱ የወደዱትን ዘፈን ለማውጣት እኛም አቅም የለንም።

ጥያቄም ሆነ ተቃውሞ ያለው አባል ከዚህ ሥር መጻፍ ይችላል፤ እስክሪብቶው በክር ታስሮ ተቀምጧል።

የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ስለ ኮሚቴው